የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ የቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያና የጥገና ግቢ ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ቦታው የአገሪቱን የመጀመሪያ የባቡር ዘመን በሕንፃ፣ በማሽንና በፉርጎ የሚያሳይ የታሪክ ሥፍራ ሆኗል።

ታሪክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገዱን እንዲሠራ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። የኢልግ ሸሪክ ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያ ሐሳቡ መስመሩ ሐረርን እንዲያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ስለዚህ ድሬዳዋ ባቡር የደረሰላት ከተማ ሳትሆን ባቡር የፈጠራት ከተማ ናት። በፕላን የተዘረጋው ከዚራ የባቡሩ ሰፈር ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ የንግዱ ሰፈር ነው።

የመጀመሪያው ኩባንያ ስለከሰረ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ቀጥሎበት ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪውም ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር።

በእንፋሎት የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በናፍጣ በሚሠሩ ተተኩ። መስመሩ በ1969–70 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሀዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድርጅቱ በኋላ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ቢሆንም፣ ሀዲዱና ድልድዮቹ እያረጁ ሄደው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ቆመ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መስመር ነው። የሀዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ስለሆነ የድሮዎቹ ፉርጎዎች በላዩ ሊሄዱ አይችሉም፤ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። አሮጌው ግቢ ሥራ የፈታው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

በግቢው የሚታየው

በጣቢያው ሕንፃ ግንባር ላይ የድርጅቱ ስም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ይታያል። ከሕንፃው በስተጀርባ የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ የመንገደኛና የጭነት ፉርጎዎች እንዲሁም የጥገና ወርክሾፑ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ወርክሾፑ ነው። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ብዙው ነገር በቶርኖ፣ በብየዳና በአንጥረኛ እጅ እዚሁ ይሠራ ነበር።

የባቡሩ ቅርስ በቋንቋም ውስጥ አለ። የአዲስ አበባው «ለገሃር» ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል፣ «ፉርጎ»ም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። «ሀዲድ» በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። «ባቡር» ደግሞ መነሻው እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓ ቃል ነው፤ በሞተር የሚሠራው ወፍጮ «የባቡር ወፍጮ» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

አገልግሎቱ ያበቃ የባቡር መስመር ብዙ ጊዜ ብረቱ ተነቅሎ ይሸጣል። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት አንዱ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የካስ ባቡር ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ከተራራ ላይ ግንድ ለማውረድ ነበር። የሚጠቀምባቸው «ሼይ» የተባሉ ሎኮሞቲቮች ጉልበታቸውን በጥርስ ማርሽ ለሁሉም ጎማ ስለሚያካፍሉ ዳገትና ጠመዝማዛ አይበግራቸውም። የእንጨት መሰንጠቂያው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ የግዛቱ መንግሥት መስመሩን ገዛው፤ በ1963 እ.ኤ.አ.ም ግንድ ያመላልስ የነበረው ባቡር ጎብኚ ማመላለስ ጀመረ። በኤርትራም ከምፅዋ አስመራ የሚወስደው 118 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲሠራ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው ሥራውን ለወጣቶች አስተምረዋል።

ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያሳዩት ለባቡር ቅርስ ሦስት ነገሮች አብረው መቆየት እንዳለባቸው ነው፤ እነርሱም መስመሩ፣ ማሽኑና ሙያው ናቸው። የአዲስ አበባው ለገሃር በ1922 ዓ.ም. የተመረቀ ውብ ሕንፃ ቢሆንም ዙሪያው በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የከተማ ልማት ፕሮጀክት አካል ሆኗል። ጣቢያው፣ ወርክሾፑና ፉርጎዎቹ በአንድ ግቢ የሚገኙት ድሬዳዋ ነው። ብረቱን ከዝገት መጠበቅ ይቻላል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት የቀድሞ ሠራተኞች እውቀት ግን ካልተጻፈ ወይም ለተተኪ ካልተላለፈ ከእነርሱ ጋር ይጠፋል።

ጉብኝት

ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በመኪናና በአዲሱ ባቡር ይደረሳል። የድሮው ጣቢያ በከተማው መካከል ስለሆነ ከከዚራ በእግር ወይም በባጃጅ መሄድ ይቻላል። ግቢው የድርጅት ንብረት በመሆኑ ለመግባትና ፎቶ ለማንሣት በቅድሚያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማው ሞቃት ስለሆነ ለጉብኝት የሚመቸው ጠዋት ነው። በወርክሾፑ የሠራ ሰው አስጎብኚ ከተገኘ የእያንዳንዱን ማሽን ሥራ ከባለሙያው አፍ መስማት ይቻላል።