አይጥ፣ ዕዳ እና ነጠላ ጫማ

ወደ ካዝን ደሴት የሚሄድ ቱሪስት በመጣበት ጀልባ ደሴቲቱን አይረግጥም። ጀልባው ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል፤ ጠባቂዎቹ በራሳቸው ጀልባ መጥተው እንግዶቹን ያሸጋግራሉ። ወደብ ስለሌለ ሹፌሩ ሞተሩን አስጩሆ በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ ይወጣል፤ ያልጠበቀ ሰው የጎረቤቱን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው አይጥ ፍራቻ ነው። አንዲት እርጉዝ አይጥ ሻንጣ ውስጥ ተሸሽጋ ከገባች የሃምሳ ዓመት ልፋት ገደል ይገባል።

ካዝን የምትገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በተበተኑት የሲሼልስ ደሴቶች መካከል ነው። የ115ቱ ደሴቶች የብስ ቢደማመር 455 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው። በሕግ የሚያዝዙበት ባሕር ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል። ነዋሪው ከመቶ ሺህ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለ ሀገር ያን ሁሉ ውኃ ብቻውን ልጠብቅ ቢል ሰዉም ገንዘቡም አይበቃውም።

የእነዚህ ደሴቶች ወፎች ለብዙ ሺህ ዓመታት አይጥና ድመት አያውቁም ነበር። ስለዚህ መሸሽ አልለመዱም፤ አንዳንዶቹ ምግባቸውን የሚለቅሙት መሬት ላይ ነው። መርከበኞች ሲመጡ አይጥም አብሮ መጣ፤ የወፎቹ ደን ተመንጥሮ ኮኮናት ተተከለበት። የሲሼልስ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ዘማሪ ወፍ በ1960ዎቹ (እዚህ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሯ ወደ 26 ወርዶ የቀረችው አይጥ ባልገባባት በካዝን ብቻ ነበር። በ1968 ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ደሴቲቱን ከነኮኮናቷ ገዛት። ኮኮናቱ እየተነሣ የአገሩ ዛፍ ቦታውን ያዘ። ወፏ አሁን በአምስት ደሴቶች ላይ ከ3,000 በላይ ሆናለች።

ከአምስቱ መካከል ዴኒስና ፍሬጌት የግል ናቸው፤ ሀብታም ቱሪስት የሚያርፍባቸው ሪዞርቶች አሉባቸው። የፍሬጌት ታሪክ ለብቻው መነገር አለበት። ማግፓይ ሮቢን የተባለችው ጥቁርና ነጭ ወፍ በ1960ዎቹ ከሃያ በታች ሆና የተረፈችው እዚያ ነበር፤ ምግቧን የምትፈልገው ደግሞ የረገፈ ቅጠል እየገለባበጠች ነው። በ1995 አይጥ ደሴቲቱ ላይ ታየ። በ2000 ሄሊኮፕተር መርዝ የተቀላቀለበት ምግብ በደሴቲቱ ላይ ሲበትን ወፎቹ መርዙን እንዳይለቅሙ ተይዘው በጎጆ ተጠበቁ። አይጡ አለቀ፤ ወፎቹ ተለቀቁ።

የሪዞርት ባለቤት አይጥ የሚጠላው ለወፍ ሲል ነው ማለት የዋህነት ይሆናል። ውድ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳ አልጋው ሥር አይጥ ቢያይ በማግስቱ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሳይንቲስቱ ለወፏ፣ ባለሆቴሉ ለገበያው ብለው ይምጡ እንጂ ሁለቱም አንድ ወጥመድ ያጠምዳሉ። የሲሼልስ የተፈጥሮ ጥበቃ ሽርክና ጥንካሬው ይኸው ይመስላል፤ ማንም ጻድቅ እንዲሆን አልተጠየቀም።

ባሕሩን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነትም የተሠራው በዚሁ ስሌት ነው። ሲሼልስ በ2008 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለመንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ፓሪስ ክለብ ለተባለው ስብስብ አበዳሪ ሀገሮች ከሚከፈለው ዕዳ 21.6 ሚሊዮን ዶላሩን በ20.2 ሚሊዮን መልሶ መግዛት። ከገንዘቡ 15.2 ሚሊዮኑ ድርጅቱ ያበደረው ሲሆን 5 ሚሊዮኑ ከለጋሾች ተገኘ፤ የፊልም ተዋናዩ የሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ፋውንዴሽንም ከለጋሾቹ አንዱ ነበር። ቅናሹ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቁም ነገሩ ክፍያው አቅጣጫ መቀየሩ ላይ ነው። ወደ አውሮፓ ግምጃ ቤቶች ይሄድ የነበረው ገንዘብ፣ ከፊሉም በሀገሩ ሩፒ፣ የመንግሥት፣ የግል ዘርፍና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች በቦርድ ለሚመሩት የአደራ ፈንድ መከፈል ጀመረ። ፈንዱ የተበደረውን እየመለሰ ከተረፈው ለባሕር ጥበቃ ይሰጣል።

መንግሥት በምላሹ ከባሕሩ 30 በመቶውን ለመከለል ቃል ገባ። ቃል መግባቱ ቀላል ነበር፤ ካርታው ላይ መስመር ማስመር ግን ዓመታት ወሰደ፤ ዓሣ አጥማጁ፣ የቱሪዝሙ ነጋዴ፣ ነዳጅ ፈላጊው ሁሉ ድርሻ አለኝ ባይ ነውና። በመጋቢት 2020 ከጀርመን የሚሰፋ፣ ወደ 410,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር በሕግ ተከለለ። ግማሹ ገደማ ዓሣ ማጥመድም ቁፋሮም የተከለከለበት ሲሆን በቀሪው ላይ የተወሰነ ሥራ ይፈቀዳል። በዚህ መካከል፣ በ2018፣ ሀገሪቱ ለዓሣ ሀብቷ አያያዝ የ15 ሚሊዮን ዶላር «ሰማያዊ ቦንድ» ሸጣለች፤ ከፊሉን ዋስ የሆነው የዓለም ባንክ ነው።

ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አልዳብራ ስትታይ ግን ስምምነቱ ያልደረሰበት ነገር ይታያል። በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች የኮራል ደሴት የመቶ ሺህ ገደማ ግዙፍ ኤሊዎች መኖሪያ ናት፤ የሚኖሩባት ሰዎች ጥቂት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች ብቻ ናቸው። በ2019 የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽንና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሰባሰቧቸው 12 ሰዎች አምስት ሳምንት ሙሉ ቆሻሻ ሲለቅሙባት ቆዩ። ከኮራሉ ስለታማ ድንጋይ ላይ መረብ እየቆረጡ፣ ገመድ እየጎተቱ፣ ጆንያ እየተሸከሙ 25 ቶን አወጡ። ተመራማሪዎቹ ሲገምቱ ወደ 500 ቶን ገና ቀርቷል፤ እሱን ማጽዳት 4.68 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ከክብደቱ 83 በመቶው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነው። በቁጥር ያስገረመው ነጠላ ጫማ ነበር፤ ደሴቲቱ ላይ 360,000 ያህል እንዳለ ተገምቷል።

መረቡን በተመለከተ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ሊገኝ ይችላል። ቱና የሚያጠምዱት ትልልቅ የውጭ መርከቦች ዓሣቸውን የሚያራግፉት ማሄ ላይ በቪክቶሪያ ወደብ ነው፤ የማጽጃውን ወጪ ተካፈሉ ቢባሉ የት እንደሚገኙ ይታወቃል። ከየትኛው የውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከየትኛው ወንዝ አፍ ታጥቦ እንደመጣ የማይታወቀው ነጠላ ጫማ ግን ባለቤቱ ተጠርቶ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ አይደለም።