ኮርኒስ የገባ ንብ ዋጋ አለው

ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር በምትርቀው አምቦም ሆነ በጊንጪና በጉደር፣ ክረምቱ ወጥቶ አበባ ሲበዛ የንብ መንጋ ኮርኒስ ወይም የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይሰፍራል። በእሳት የሚያጠፋው ባለቤት ቤቱን ለቃጠሎ ከማጋለጡም በላይ ንብ አርቢ ገንዘብ ከፍሎ የሚወስደውን ሀብት ያወድማል።

ማዛወሩ የምሽት ሥራ ነው። በልክ ከታጠነ በኋላ የማሩ እንጀራ ተቆርጦ ለብቻ ይወጣል፤ እጭ የያዘው ግን በዘመናዊው ቀፎ ፍሬም ላይ በክር ይታሰራል። ዋናዋ ንግሥቲቱ ናት፤ እሷ ከገባች ሠራተኞቹ ሽታዋን ተከትለው ይገባሉ። የአገራችን ንብ ሲረበሽ ቀፎውን ጥሎ ስለሚሄድ ለጥቂት ቀናት በትንሽ የሽቦ ቤት ትያዛለች። ቀፎው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ካልራቀ ቀሳሚዎቹ ወደ ኮርኒሱ ይመለሳሉ፤ የመኪና ኪራይ የሚታሰበውም እዚህ ላይ ነው። ሽንቁሩ ሰሙ ተፍቆ ካልተደፈነ ደግሞ ሽታው ሌላ መንጋ ይጠራል።