ያውቁ ኖሯል? የዓይን ቆብ ሲወድቅ ደረት የሚታይበት ምክንያት

ጠዋት ደህና የነበረ ዓይኑ አመሻሽ ላይ ቆቡ የሚከብደው፣ አንዱን ሁለት አድርጎ የሚያይ፣ እራቱን እያኘከ መንጋጋው የሚዝል ሰው «ደረትህን ሲቲ ስካን ተነሣ» ቢባል ሐኪሙ የተሳሳተ እንዳይመስልዎ። ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው በዚህ የጡንቻ ሕመም ከተያዙት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ በተባለች ዕጢ ላይ ታይሞማ የሚባል እባጭ ይገኝባቸዋል። ከእባጩ ወገን ሲታይ ዝምድናው ይጠብቃል፤ ታይሞማ ካለባቸው ሲሦ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማያስቴኒያ አለባቸው።

• ታይመስ በልጅነት ፋፍታ ከጉርምስና በኋላ ወደ ስብነት እንደምትለወጥ ያውቁ ኖሯል? ቲ-ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ወገንን ከጠላት መለየት የሚማሩት እዚያ ነው። ይህ ሥራዋ የታወቀው ተመራማሪው ዣክ ሚለር ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ታይመስን አውጥቶ የሆነውን እ.ኤ.አ. በ1961 ይፋ ሲያደርግ ነው።

• እባጩ ይህን ሥልጠና ያፋልሳል። ያልተገሩት ቲ-ሴሎች በሚያስነሡት ሁከት ሰውነት በገዛ ጡንቻው ላይ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል፤ እነዚህም አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክት የሚቀበሉትን በሮች ይዘጋሉ፣ ያፈርሳሉም። ነርቩ ያዛል፣ ጡንቻው አይሰማም።

• ጀርመናዊው ካርል ቫይገርት በማያስቴኒያ በሞተ ሰው ደረት ውስጥ ያገኘውን የታይመስ እባጭ የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ አልፍሬድ ብላሎክ አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ የአንዲት ወጣት ሕመምተኛን እባጭ ቆርጦ አወጣ፤ ተሻላትም። ኋላ ዝናው የገነነው ግን በሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይህኛውን ሥራውን የሚያነሣለት ጥቂት ነው።

• እባጭ ባይኖርስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ታይሞማ ከሌላቸው 126 ሕሙማን መካከል ታይመሳቸው የወጣላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ጤና አግኝተዋል፣ የወሰዱት ፕሬድኒሶን የተባለው መድኃኒትም አንሷል። ውጤቱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋል።

• እባጩ ከወጣ በኋላ ማያስቴኒያ አዲስ የሚጀምራቸው ሰዎችም አሉ! ስለዚህ ክትትሉ በቀዶ ሕክምናው አያበቃም።

• ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ይህን ሕመም ሊያባብሱት ይችላሉ። ማያስቴኒያ ካለብዎ አንቲባዮቲክ ከመውሰድዎ በፊት ለሐኪሙም ለፋርማሲ ባለሙያውም ይንገሩ፤ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተዎ ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።