በጌም ኢንጂን የሚሠራ አኒሜሽን

በጌም ኢንጂን የሚሠራ አኒሜሽን፣ የቪዲዮ ጌም ለመሥራት በተዘጋጀ ሶፍትዌር የሚቀናበር ፊልም ነው። በተለይ ከጌም ውስጥ የሚቀረጸው «ማሺኒማ» ይባላል። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የ«ኩዌክ» ተጫዋቾች የሠሩት «ዳያሪ ኦፍ ኤ ካምፐር» ሲሆን፣ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ከተለመደው የኮምፒውተር አኒሜሽን ዋናው ልዩነቱ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 24 ምስል የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ትዕይንት 1,440 ምስሎች ይፈልጋል። ለአንዱ ምስል አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ አንድ ኮምፒውተር 60 ቀን ያለ ማቋረጥ መሥራት አለበት። ጌም ኢንጂን ግን የብርሃኑን ስሌት በአቋራጭ ስለሚሠራ ምስሉን ወዲያው ያወጣል፤ ሠሪው ፀሐይዋን ዝቅ ሲያደርግ ጥላው ሲረዝም እዚያው ያያል።

በአጭር ትዕይንት ላይ ድባብ ለመፍጠር ከጭጋግ የሚበልጥ መሣሪያ ጥቂት ነው። ኢንጂኑ እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል፤ በርቀቱ መጠን የነገሩን ቀለም ከጭጋጉ ቀለም ጋር ይቀላቅላል። በተለመደው ቀመር፣ በ100 ሜትር ላይ የነገሩ ቀለም ግማሹ ከቀረ፣ በ200 ሜትር ሩቡ፣ በ300 ሜትር አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የቅርቡ ዛፍ ጠቁሮ፣ የሩቁ ደብዝዞ ይታያል፤ ዓይንም ጥልቀት ይሰማዋል። ጭጋግ ያልተሠራውንም ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ሳይለንት ሂል» ማሽኑ ሩቁን ከተማ መሳል ስለማይችል በጭጋግ ጋረደው፤ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ያንኑ ጭጋግ ነው።

ለጀማሪ አንድ ቦታ፣ አንድ የብርሃን ምንጭና አንድ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ካሜራ ይበቃል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ይሁን፦ ሐይቅ ዳር የታሰረች ጀልባ፣ የሚወዛወዝ ሸምበቆ። ሰው መጨመር ሥራውን በእጅጉ ያከብደዋል፤ አረማመዱ ትንሽ ከተዛባ ተመልካች ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ያያል። ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል እንጂ፣ የውኃና የነፋስ ድምፅ የሌለው ትዕይንት የቆመ ሥዕል ይመስላል።

ነጻ ከሆኑት ኢንጂኖች አንዱ ጎዶ ነው። 4ኛው እትሙ ብርሃን ሰንጥቆት የሚያልፍ ጭጋግ አለው፤ ይህ ለደካማ ኮምፒውተር ስለሚከብድ ተራው ጭጋግ ይመረጣል። ሲቀረጽ በአንድ ቪዲዮ ፋይል ፋንታ በተከታታይ ምስሎች ማስቀመጥ ይሻላል፤ መብራት 900ኛው ምስል ላይ ቢጠፋ እስከዚያ የተሠራው አይጠፋም።