መንገድ ላይ ስሄድ አትጥሩኝ

ቡራዩ ውስጥ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አስቡ። ታክሲው አስፋልት ዳር አውርዷችሁ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት የእግር ነው። ኮብልስቶኑ እዚህም እዚያም ተነቅሏል፣ ባጃጁ ከኋላ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ፊታችሁ ፌስታል አንጠልጥላ የምትወርድ ልጅ አለች። ጎረቤቷ ከበሩ ላይ ሆኖ ስሟን ይጠራል። ልጅቷ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ዞራ ትፈልገዋለች፣ ከዚያ ነው «አቤት» የምትለው። ጎረቤት «ኮርታለች» ሊል ይችላል። ግን በነጠላዋ ሥር ኮክሌር ኢምፕላንት አለ። ለእሷ መራመድ አንድ ሥራ ነው፤ መስማት ደግሞ ሌላ ሥራ።

ይህ መሣሪያ ብዙዎቻችን ከምናውቀው የመስሚያ መሣሪያ ይለያል። ያኛው ድምፅን ያጎላል፤ ይሄኛው የተበላሸውን የጆሮ ክፍል አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነካል። ውጪያዊው ክፍል ከጆሮ ጀርባ ይንጠለጠላል፦ ማይክሮፎን፣ ባትሪ፣ ድምፅን ወደ ኮድ የሚለውጥ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም በማግኔት ከራስ ቅል ጋር ልጥፍ የሚል ክብ ነገር። ነጠላ ሲያጣፉ ወይም ሹራብ ሲያወልቁ ተነቅሎ የሚወድቀው ይኸው ክብ ነው። ውስጠኛውን ክፍል ሐኪም ከቆዳ ሥር ይቀብረዋል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ክር ወደ ኮክሊያ፣ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ክፍል፣ ይገባል።

ኮክሊያ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ ነው። ክሩ በዚያ ጠመዝማዛ ውስጥ ሳይታጠፍ እንዴት ይገባል? አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ በዚህ ጥያቄ ብዙ ተጨንቋል። መልሱን ያገኘው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የሣር ቅጠል ወደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየገፋ ነው፤ ጫፉ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንከር ያለ ነገር ጥምዝምዙን ተከትሎ ይገባል። አባቱ መስማት የሚቸግራቸው መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ክላርክ የራሱን ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ መሣሪያ ሜልበርን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ገጠመ።

ጤናማ ኮክሊያ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በክሩ ላይ የሚደረደሩት ኤሌክትሮዶች ከ12 እስከ 22 ናቸው። በገና እንኳ አሥር አውታር አለው። ስለዚህ መሣሪያው የሚልከው ድምፅ ሳይሆን የድምፅ ፍንጭ ነው፤ ጎዶሎውን የሚሞላው አእምሮ ነው፣ ያውም ወራት የሚፈጅ ልምምድ አድርጎ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ እየጮኸ፣ ሬዲዮው እየዘፈነ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመለየት የሚወጣውን ጉልበት እኛ አናውቀውም። መሣሪያው በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት በጣም ይከብዳል። ልጅቷ ዞራ የፈለገችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መራመዱ፣ ማለትም ወደ ሚዛን እንምጣ። ከኮክሊያው ጎን፣ በዚያው አጥንት ውስጥ፣ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። ራስ ሲዞር ቱቦዎቹ፣ ስንዘነብል ወይም ስንንደረደር ከረጢቶቹ ለአንጎል ይናገራሉ። ከመስሚያው ጋር ጉርብትናቸው የግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሻቸውም አንድ ነው። ስለዚህ አንዱን የመታ በሽታ ብዙ ጊዜ ሌላውን አይምርም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ቀበቶ ውስጥ ሲመላለስ የኖረው ማጅራት ገትር ብዙ ሕፃናትን መስማትም ሚዛንም ነስቷቸዋል። ጄንታማይሲንን የመሰሉ መርፌዎችም ሚዛኑን ሊጎዱ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው ራሱም አንዳንዴ ሰፈሩን ያውካል። ሚዛኑ የተጎዳ ልጅ ዘግይቶ ሲቀመጥ፣ ዘግይቶ ሲራመድ ቤተሰብ «ሰነፍ ነው» ይላል። ጆሮው ነው።

ሰው ቆሞ የሚሄደው በሦስት ነገር ነው፦ በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ፣ በእግርና በመገጣጠሚያ ስሜት። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ተማሪ ግቢውን የሚያቋርጠው በኋለኞቹ ሁለቱ ነው። የሚዛን አካሉ የተጎዳው ሰው ሒሳብ ሌላ ነው፤ ዓይኑን ይደገፋል። መብራት ሲጠፋ፣ መሬቱም ጭቃ ሲሆን፣ ሁለት ምርኩዝ በአንዴ ይወሰድበታል። የፕሮሰሰሩ ባትሪ ሳይሞላ ካደረ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም። ኢምፕላንት ያለውም ልጅ የምልክት ቋንቋ ቢያውቅ ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

የጎደለውን የሚተካው ትኩረት ነው፤ ትኩረት ደግሞ አያልቅም የሚባል ነገር አይደለም። በአንድ እግር ቆማችሁ ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ፤ ወይ ቁጥሩ ይጠፋባችኋል ወይ እግራችሁ ይወርዳል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የስዊድን ተመራማሪዎች አረጋውያንን እያራመዱ ወሬ ጀመሩላቸው። መልስ ለመስጠት የቆሙት 12 ነበሩ፤ ከእነሱ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወድቀዋል። የኢምፕላንት ተጠቃሚዎችንም እንዲሁ በሚነቃነቅ ወለል ላይ አቁመው ቃል የሚያስደግሟቸው ተመራማሪዎች አሉ። ሰውነት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ላለመውደቅ ነው፤ ቃሉ ይጠብቃል። ነገሩ ግን አንድ ወገን ብቻ የለውም፦ አንድ ቦታ ረግቶ የሚሰማ ድምፅ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ድምፅ ያለው፣ ለአንዳንዶች እንደ ግድግዳ መደገፊያ ይሆናል። መሣሪያው ሲበራ ይበልጥ ረግተው የሚቆሙ ልጆች አሉ።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ማለዳ ተሰልፈው የሚሮጡትን ላየ መሮጥ የእግር ብቻ ይመስለዋል። የጆሮም ነው፦ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ በተጀመረው መስማት የተሳናቸው ኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች መሣሪያቸውን አውልቀው እንዲሮጡ ደንቡ ያዛል። ፕሮሰሰሩ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፣ ሯጩ አጎንብሶ ይጠብቃል፣ ሽጉጡን የሚተካው መብራት ብልጭ ይላል።