ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሌላ

ለመሆኑ ጠበቃ የሚከፈለው ለደንበኛው «ትችላለህ» ለማለት ነው ወይስ «አትችልም» ለማለት? ሕግ በተማርን ሰዎች መካከል የቆየ ክርክር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማሳያዬ በእንግሊዝ አገር የተንቀሳቃሽ ቤት ፓርክ ባለቤቶችን የሚያማክሩት ሶሊሲተሮች ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ጡረተኞች የቀድሞ ቤታቸውን ሸጠው ፓርክ ውስጥ የቆመ ተገጣጣሚ ቤት ይገዛሉ። ቤቱ የነዋሪው፣ መሬቱ የባለፓርኩ ነው፤ ነዋሪው የቦታ ኪራይ ይከፍላል። ቤት የግል፣ መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር ለምንኖር ሰዎች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ባለመሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ መሆኑ ነው።

ጠንቃቃ ጠበቃ ከውሉ በፊት የፓርኩን ፈቃድ ያያል። ፈቃዱ ለመኖሪያ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የተንቀሳቃሽ ቤቶች ሕግ ነዋሪውን ይጠብቃል። ባለፓርኩ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያስወጣው አይችልም። ኪራዩ የሚከለሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ካልተስማሙ ትሪቡናል ይወስናል። ከሐምሌ 2023 ወዲህ የጭማሪው መነሻ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ሆኗል። ነዋሪው ቤቱን ቢሸጥ የባለፓርኩ ኮሚሽን ከ10 በመቶ አይበልጥም። ሐሰት ተናግሮ ሽያጩን ማሰናከልም ከ2013 ጀምሮ ወንጀል ነው።

ፈቃዱ ለእረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። ቤቱ በመልክ ከመኖሪያው ባይለይም ገዢው ቋሚ መኖሪያው ሊያደርገው አይችልም፤ የቦታው ውልም አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት ነው። «ዓመቱን ሙሉ ይኖሩበታል» ተብለው የገዙ አዛውንት ባልና ሚስት ነገሩ ሲገለጥ የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። የቀድሞውን ሸጠውታል።

ባለፓርኩን «ይህን ቃል ለገዢ እንዳትሰጥ» ብሎ አስቀድሞ ሊያቆመው የሚችለው የራሱ ጠበቃ ነው። ምክሩ ለባለፓርኩም ይበጃል። ከ2021 ጀምሮ በእንግሊዝ የመኖሪያ ፓርክ ነግዶ የሚያስተዳድር ሰው «ብቁና ተገቢ» መሆኑን የአካባቢው አስተዳደር መመዘን አለበት። ስሙ የጎደፈ ባለፓርክ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል።

ይሁንና የሌላው ወገን ጠበቃ ጨዋነት ለገዢው ዋስትና አይሆንም። ሕጉ የመኖሪያ ቦታ ውል ዝርዝር ከመፈረሙ 28 ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። እነዚያ 28 ቀናት የተሰጡት ዕቃ እንዲሸከፍባቸው ሳይሆን ገዢው የራሱን ጠበቃ ይዞ «ፈቃዱን አሳዩኝ» እንዲልባቸው ነው።