ስሙን የሚያውቅለት ያጣ ተማሪ



በዛሬው ዝግጅታችን ከየአካባቢው ተመድበው ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገቡ ልጆቻችን እንነጋገራለን። አንድ አዲስ ተማሪ በግቢው ውስጥ ባይተዋር ሆኖ የሚቀረው ለምንድን ነው? ከሌሎች ጋር እንዲቀላቀልስ ማን ምን ሊያደርግለት ይገባል?

ከራሴ ልጀምር። ከቂርአት ቤት ወጥቼ ኮሌጅ ስገባ ኪታብ ይዞ ሸኽ ፊት መቀመጥን እንጂ የግቢን ኑሮ አላውቅም ነበር። መምህሩ የቡድን ሥራ ሲሰጥ «አምስት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ» ብሎ ይወጣል። ሁሉም ያገሩን ልጅ ይፈልጋል፤ እኔ እቀራለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ያስቀረኝ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በሃይማኖትም ባገርም አንገናኝም። «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። ካፌ አብረን ሄድን፤ ከዚያም መጽሐፍ እንዴት እንደሚወጣ ሊያሳየኝ ላይብረሪ ወሰደኝ። ሌላ ያደረገልኝ ነገር የለም።

ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣውን ተማሪ ሰነፍ ወይም ኩሩ ማለት ይቀናናል። ብዙው ግን ይሳቅብኛል ብሎ የሚፈራ ነው። አማርኛ ያልለመደ ልጅ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው፣ ከክፍል ውጭ አማርኛው ያስጨንቀዋል። በሌላው ግቢ ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የማያውቀው እንዲሁ ይቸገራል። መምህራን ቡድኑን በስም ዝርዝር ቢደለድሉት ተማሪው ከማያውቀው ጋር ለመሥራት ይገደዳል፤ በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

ጉዳዩ የውጤት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔርን ሽፋን ባደረገ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የአልጋ ጎረቤቱን በስሙ ሳይሆን በብሔሩ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ወሬ በተነሣበት ሌሊት ያን ጎረቤቱን ለመጠራጠር ጊዜ አይፈጅበትም።

በካይሮው አልአዝሀር ከኛ አካባቢ የሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቅ አልጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። የታሪክ ጸሐፊው የዐብዱረሕማን አልጀበርቲ አባት ሸኽ ሐሰን የዚያ ሪዋቅ ኃላፊ ነበሩ። እንግዳው ተማሪ እዚያ ማረፊያና ዳቦ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ሰውም ያገኛል። ለትምህርት ግን ወጥቶ ከሌላ አገር ከመጡት ጋር በአንድ ሸኽ ዙሪያ ይቀመጣል። የግቢ ጀመዓዎቻችንን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። ጀመዓ ለአዲስ ልጅ ጥላ ነው፤ እኔም ከጊዜ በኋላ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ምሳውም፣ ጥናቱም፣ ጨዋታውም ከጀመዓው ልጆች ጋር ብቻ ከሆነ ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ከአንድ መንደር ሳይወጣ ይመረቃል። ይህን ስል ቅር የሚለው ወንድም እንዳለ አውቃለሁ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በሚል ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር ያገናኘበት አሠራር መልካም ምሳሌ ነው። ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገርም አይደለም፤ በወሎ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ደረሳ ቀለቡን ሲችል የኖረው የመንደሩ ሰው ነው።

ስለ አካል ጉዳተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ዐይነ ሥውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም መጥቶ ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ፣ 80ኛው የቁርኣን ምዕራፍ በወቀሳ መውረዱን ሁላችንም ተምረናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እምብዛም አናነሣውም። ያ ሰው የመዲና ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ በምትካቸው ሾመውታል። የኛ ተማሪዎች ለዐይነ ሥውር ጓደኛቸው ማስታወሻ ያነቡለታል፤ የክፍል ተጠሪ ሲመርጡ ግን ስሙን አያነሡም። እህቶቻችንም ከላይብረሪ የሚመለሱበት መንገድ ጨለማ ከሆነ በጊዜ ዶርም ይገባሉ፤ መብራት እንዲገባላቸው አስተዳደሩን መጠየቅ የወንዶቹም ሥራ ነው።

አዲስ ተማሪ ሲገባ ነባሮቹ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሻንጣ ይሸከማሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሁሉም እንግዳ ስለሆነ ብቸኝነቱ አይታወቅም። የሚከብደው ሌሎቹ ጓደኛ ካገኙ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወደየዶርሙ ተመለሱ፤ ከናንተ ወገን ያልሆነውንም ልጅ ምሳ መብላቱን ጠይቁት።